ለማዳ እባብን በአዲስ አበባ ዳርቻ ማቀዝቀዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ከእንጦጦ ጀርባ። ሁለት ኮርን ስኔክ አሉኝ፤ አንዷ ሴት፣ አንዱ ወንድ። ሀገር ለቆ የሄደ ጎረቤት ነው «ለአንድ ወር ያዝልኝ» ብሎ የተወልኝ። ወሩ ይኸው ስምንት ዓመት ሆነው። እባብ እንዳለኝ የሚሰማ ሰው መጀመሪያ ያማትባል፣ ቀጥሎ ይስቃል፣ ከዚያ ይጠይቃል። እንደ እኔ የሚያሳድጉት ደግሞ ጥቅምት ሲገባ ነው የሚደውሉት። ጥያቄያቸው በየዓመቱ ያው ስለሆነ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ማቀዝቀዝ ሲባል ምን ማለት ነው? እባቡ ይተኛል?

ድብ እንደሚተኛው አይደለም። እባብ የራሱን ሙቀት አያመነጭም። ዙሪያው ሲበርድ እሱም ይበርዳል። የልብ ምቱ ይዘገያል፣ ሆዱ ምግብ መፍጨት ያቆማል፣ አንድ ጥግ ይዞ ይጠቀለላል። ግን ነቅቷል። ሲጠማው ቀስ ብሎ ተነስቶ ውሃ ይጠጣል፤ ስትነኩት ምላሱን ያወጣል። ፈረንጆቹ ብሩሜሽን ይሉታል። እኔ «የብርድ ዕረፍት» እለዋለሁ።

ኮርን ስኔክ የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ እባብ ነው፤ የፍሎሪዳ፣ የጆርጂያ፣ የካሮላይና። እዚያ ቅዝቃዜው ሲመጣ ከመሬት ሥር፣ ከበሰበሰ ግንድ ሥር ይገባል። ሙቀቱ ሲመለስ ይወጣና ተጓዳኝ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ የምናቀዘቅዘውም ያንን ዑደት ለመኮረጅ ነው። የወንዱ ዘርም የሴቷ እንቁላልም ከዚያ ቅዝቃዜ በኋላ ደህና ይይዛል።

የእኔ እባብ የግድ ያስፈልገዋል?

ልታራቡት ካላሰባችሁ አያስፈልገውም። ዓመቱን ሙሉ ሞቆት እየበላ የሚኖር ኮርን ስኔክ 15 እና 20 ዓመት ይኖራል። ማቀዝቀዝ ሕክምና አይደለም፣ ቫይታሚንም አይደለም። «ሰው ሁሉ ያደርገዋል» ብሎ የሚጀምር ሰው ሲደውልልኝ መልሴ አንድ ነው፦ ተወው።

ለአንዳንዶቹ ደግሞ ጭራሽ የተከለከለ ነው። ቦል ፓይተን የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ እባብ ነው፤ ጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒን። 13 ዲግሪ የሚባል ነገር አያውቅም። እሱን እንደ ኮርን ስኔክ ብታቀዘቅዙት ሳንባው ይታመማል። ቦአም እንደዚያው ነው። የሚቀዘቀዙት ብርድ ያለበት ሀገር የተፈጠሩት ናቸው፤ ኮርን ስኔክ፣ ኪንግ ስኔክ፣ ሚልክ ስኔክ፣ የሰሜን አሜሪካው ሆግኖዝ።

ዓይነቱ ትክክል ቢሆንም ዓመት ያልሞላው፣ የከሳ፣ የታመመ፣ ወይም በቅርቡ እጃችሁ የገባ እባብ አይቀዘቀዝም። የጀርባ አጥንቱ እንደ ጣሪያ ጫፍ ሾጥጦ ከታየ ከስቷል፤ ለዘንድሮ ይቅርበት። ሆዱ ውስጥ ትል እንዳለ ለማወቅ ኩሱን ማስመርመር ጥሩ ነው። የላም እበት በማይክሮስኮፕ የሚያይ የእንስሳት ሐኪም የእባብም ማየት ይችላል። ሲሰማ ይደነግጣል እንጂ ሥራው ያው ነው።

የፈረንጆቹ የእባብ መጽሐፍ «ክረምት» ይላል። ሐምሌ ላይ ላቀዝቅዘው?

በዚች አንዲት ቃል ስንቱ ሰው ተሳስቷል! የእነሱ ክረምትና የእኛ ክረምት ለየቅል ነው። የእነሱ ብርድ ነው፤ የእኛ ዝናብ ነው። የእኛ ሌሊት አጥንት የሚሰብረው በበጋ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ሲል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

እውነቱን ለመናገር ሐምሌ የሚስብ ነገር አለው። ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ስለሚከድነን የቀኑና የሌሊቱ ልዩነት ይጠባል። እኔም አንዴ ልሞክረው ብዬ ነበር። የተወኩት በእርጥበቱ ነው። በክረምት ጫማ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሻግታል። የበረደው እባብ ደግሞ እርጥብ ሣጥን ውስጥ ሲከርም ሆዱ ሥር ያለው ቆዳ ይቆስላል፣ ሳንባውም ይታፈናል። ስለዚህ ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ይሁን።

አካባቢያችን ብርድ ነው። ማሞቂያውን አጥፍቼ ዝም ብለውስ?

መጀመሪያው ዓመት ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

ግቢያችን ውስጥ የቆርቆሮ ዕቃ ቤት አለ። ሴቷን በሣጥኗ አድርጌ እዚያ አስገባኋት። ግድግዳው ላይ ቴርሞሜትር ሰቀልኩ። ሁልጊዜ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ወደ ሥራ ስወጣ፣ ገባ ብዬ አያለሁ። 13 ዲግሪ። በነገታው 12። ከዚያ 13። ደስ አለኝ፤ መጽሐፉ ከ10 እስከ 15 ነው የሚለው። በሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ስመዝናት 410 ግራም የነበረችው 352 ሆናለች። እጄ ላይ ቆዳዋ ተንጠልጥሏል።

ቅዳሜ ቀን ቤት ዋልኩና 8 ሰዓት ላይ ዕቃ ቤቱን ከፈትኩት። ፊቴን ሙቀት መታኝ። ቴርሞሜትሩ 25 ይላል። እሷ ከሣጥኑ ክዳን ጋር አፍንጫዋን እየፈተገች ወዲያ ወዲህ ትላለች። በኋላ ከፍተኛና ዝቅተኛውን የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ገዝቼ አስቀመጥኩ። በአንድ ቀን ውስጥ ከ6 እስከ 25። ጠዋት የማየው 13 ወደ ላይ ሲወጣ መንገድ ላይ ያገኘሁት ቁጥር ነበር። ቴርሞሜትሩ አልዋሸም። እኔ ነኝ በአንድ ሰዓት ብቻ የምጠይቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን 25 ዲግሪ ሲሆን ሰውነቷ ይነቃል፣ ጉልበት ያቃጥላል፣ ምግብ ይፈልጋል። ምግብ የለም። ማታ 6 ዲግሪ ሲሆን ተመልሳ ትደርቃለች። በሚቀጥለው ቀን እንደገና። በየቀኑ አንድ ዕረፍትና አንድ መንቃት ማለት ነው፤ ስቡ እንደ ሻማ ያልቃል። ፍሎሪዳ መሬት ሥር ያለው እባብ ይህ አይደርስበትም፤ አፈሩ ቀንና ሌሊት አንድ ዓይነት ነው።

እንግዲህ ከአዲስ አበባ ዳር ለምንኖር ሰዎች ብርድ መፈለግ ችግራችን አይደለም፤ ብርድ ሞልቶናል። ሥራው ብርዱን ማርጋት ነው። 14 ዲግሪ ሳይነቃነቅ ቢቆይ፣ አማካዩ 13 ሆኖ ከሚዋዥቅ ይሻላል።

ሰፈርም ይለያያል። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አቃቂ ያለ ሰውና እንጦጦ ጥግ ያለ ሰው በአንድ ቁጥር አይመሩም። እንደ ሱሉልታ ያለ ሜዳ ደግሞ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ወርዶ ይተኛበታል። ስለዚህ የጎረቤት ወሬ ሳይሆን የራሳችሁን ክፍል ለክታችሁ ጀምሩ። እባቡን ሳታስገቡ፣ ሳምንት ሙሉ።

ታዲያ የት ላስቀምጠው?

ጭቃ ቤት ካላችሁ እሱን የሚያህል የለም። የእኛ ሰርቪስ በጭቃ የተመረገ ነው። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ቀን የገባው ሙቀት ወደ ውስጥ ሳይደርስ ይመሻል። ሣጥኖቹን መሬት ላይ፣ በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ነው የማስቀምጣቸው። በታኅሣሥ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ የደቡቡ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ይጠበሳል፣ የሰሜኑ ጥላ ውስጥ ነው። ይህችን ያወቅኩት ግድግዳውን በእጄ ዳስሼ ነው። እናንተም 9 ሰዓት ላይ ዳስሱት።

ቀጥሎ ውሃ። ውሃ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይበርድም። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቼ ከሣጥኖቹ ግራና ቀኝ አቆማለሁ። ክፍተቱን በውሃ በተሞላ ሃይላንድ እደፍነዋለሁ። ከላይ ያረጀ ጋቢ ጣል አደርግበታለሁ፤ የሣጥኑ የአየር ቀዳዳዎች ግን ሳይሸፈኑ። በዚህ ብቻ ውስጡ ከ11 እስከ 14 ሆኖ ከረመ። የብሎኬት ቤት ብቻ ያላችሁ የዶሮ ክትባት ወይም ዓሣ የሚመጣበትን ወፍራም የፎም ሣጥን ፈልጉ። የእባቡን ሣጥን እዚያ ውስጥ ከነሃይላንዱ አስገቡና ለአየር ጥቂት ቀዳዳ ብሱለት።

ጋቢው ሌላም ጥቅም አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ቀኑ አጥሮ «ብርድ መጣ» ብሎ የሚነግረው የለም። ስለዚህ ጨለማውን እኛ እንሰጠዋለን።

ሣጥኑ ክዳኑ በመቆለፊያ የሚያዝ ፕላስቲክ ይሁን። የበረደ እባብ አያመልጥም ብላችሁ አትዘናጉ። ውስጡ የተቀደደ ጋዜጣ አድርጉ። ሰጋቱራ የምትጠቀሙ ከሆነ የጽድ እንዳይሆን፤ ያ ለእኛ የሚያውደን ዘይት ለእሱ ሳንባ መርዝ ነው። ከእንጨት ቤት የሚመጣው ደግሞ ሁልጊዜ ድብልቅ ስለሆነ እኔ ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ያስቃል ግን እውነት ነው። ጭቃ ቤት አይጥ አያጣም። የበረደ እባብ ደግሞ ራሱን መከላከል አይችልም። አይጥ ገብታ ታኝከዋለች፤ ዓለም ሲገለበጥ ማለት ይህ ነው። ቀዳዳዎቹን በሽቦ ወንፊት ዝጉ።

ምግብ መቼ ላቁም?

ከሁሉ የሚገድለው እዚህ ላይ መሳሳት ነው። እባብ የዋጠውን የሚፈጨው በሙቀት ነው። ሆዱ ውስጥ አይጥ እያለ ካቀዘቀዛችሁት አይጧ እዚያው ትበሰብሳለች።

ስለዚህ መጀመሪያ ምግቡ ይቆማል፤ ሙቀቱ ግን እንዳለ ይቀጥላል። ሞቃቱ ጥግ 30 ዲግሪ ገደማ፣ ቀዝቃዛው 23 አካባቢ፣ እንደ ወትሮው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ እኔ ሦስት አደርገዋለሁ። በዚህ ጊዜ ሆዱን ያጸዳል። የመጨረሻውን ኩስ ሳላይ ወደ ብርዱ አላስገባም። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ይረዳል።

መብራት በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ከጠፋ ማሞቂያውም ጠፍቷል ማለት ነው። መብራት የሌለበትን ቀን አትቁጠሩት። ሁለት ቀን ከጠፋ ሁለት ቀን ጨምሩ።

የእኔ ሰሌዳ ይህን ይመስላል። የመጨረሻው ምግብ ጥቅምት 20 አካባቢ። ከኅዳር 12 ጀምሮ ማሞቂያውን በየሁለት ሦስት ቀኑ ትንሽ ትንሽ እቀንሳለሁ። ኅዳር 25 ገደማ ሰርቪስ ቤት ይገባሉ። የካቲት መባቻ ላይ ይወጣሉ። ዘጠኝ ሳምንት ተኩል ያህል መሆኑ ነው፤ ስምንትም ይበቃል።

ኅዳር 12ን ለምን መረጥክ?

እንዳልረሳው ነው። ግን ያ ቀን ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያቃጥላል፤ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው። ጭሱ ለሰውም ይከብዳል። እባብ የሚሠራለት በአብዛኛው አንድ ሳንባ ነው፣ ቀኙ። ድያፍራም፣ ማለትም ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ስለሌለውም እንደ እኛ ስሎ ማውጣት አይችልም። የገባው ጭስና አክታ እዚያው ይቀራል። ያን ቀን መስኮት እዘጋለሁ፣ በበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ እወትፋለሁ። እስኪጠራም ወደ ብርዱ አላስገባቸውም።

ውሃ ይጠጣል?

አዎ፣ ሁልጊዜ ይኑር። የበጋው አየር ደረቅ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ረሃብ ሳይሆን ጥም ነው። የማይገለበጥ፣ ከባድ ዕቃ ይሁን። ለእኔ ትንሽ የሸክላ ጻሕል ተስማምቶኛል። ከፈሰሰ ጋዜጣውን ያኔውኑ ቀይሩ።

ሁለቱን አንድ ሣጥን ውስጥ ባደርጋቸውስ? ይሟሟቃሉ።

አይሟሟቁም፤ ሁለቱም ሙቀት የላቸውም። «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ይባል የለ? ካቡ ይኑር። አንዱ ቢታመም ሌላው ይያዛል፣ ኩሱም የማን እንደሆነ አይለይም። ኪንግ ስኔክ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም፤ ሌላ እባብ መብላት ልማዱ ነው።

በየስንት ቀኑ ልየው? ምን አይቼ ልደንግጥ?

ቴርሞሜትሩን በየቀኑ፣ እባቡን በሳምንት ሁለቴ። ስታዩት አትቀስቅሱት። ክዳኑን በቀስታ አንሱ፣ በስልክ መብራት ከጎን እዩት፣ ዝጉት። በየሁለት ሳምንቱ መዝኑት። እኔ የትራስ ልብስ ውስጥ አድርጌ በኩሽና ሚዛን እመዝናለሁ፤ ባለቤቴ የራሷን ሚዛን ለይታ ገዝታለች። በደብተር ጻፉት። በትክክል ያረፈ እባብ ክብደቱ ብዙም አይለወጥም። ከ10 በመቶ በላይ ከቀነሰ ዕረፍቱ ይብቃው።

አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ ሲተነፍስ የሚያፏጭ ወይም የሚንኳኳ፣ አፍንጫው ላይ አረፋ ያለው፣ አንገቱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ የሚቆይ ከሆነ ሳንባው ነው። ነገ ልየው አይባልም። በቀን ውስጥ ቀስ እያላችሁ ወደ ሙሉ ሙቀቱ መልሱትና ሐኪም ፈልጉ። በብርድ ውስጥ የሰውነቱ መከላከያም አብሮ ስለሚተኛ መድኃኒት ብቻውን አይሠራም።

ቀኑን ሙሉ የሚንከራተት ከሆነ ግን ሕመም ከማሰባችሁ በፊት ቴርሞሜትሩን እዩ። ብዙ ጊዜ ሞቆት ነው።

ሌሊቱ ከልክ በላይ ቢበርድስ? ከሰል አቀጣጥዬ ላስገባ?

እግዚኦ! ከሰል በተዘጋ ክፍል ሰው ይገድላል፤ እባቡን ተዉት። ጭሱ ባይታይም ጋዙ አለ።

ውስጡ ከ8 በታች ከወረደ ሃይላንዶቹን ለብ ባለ ውሃ ቀይሩ። ለብ ያለ ነው ያልኩት፤ የሚያቃጥል አይደለም፤ እባቡንም እንዳይነካ። ወይም ሣጥኑን ለዚያ ሌሊት ወደ ዋናው ቤት፣ ማንም ወደማይተኛበት ክፍል አምጡት። ለጥቂት ሰዓት 8 ወይም 7 ቢነካ አይሞትም። 4 ከደረሰ ግን አደጋ ነው። ወደ ላይ ደግሞ ከ16 እንዳያልፍ እጥራለሁ። 18 ላይ ለቀናት ከቆየ ዕረፍት አይባልም፣ ጾም ነው።

እኔ አዳማ ነኝ። ድሬዳዋ ነኝ። ብርድ ከየት ላምጣ?

ከማሽን። ሌላ መንገድ የለም። የቤት ፍሪጅ እንዳለ አይሆንም፤ 4 ዲግሪ ገደማ ነው የሚሠራው። ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ የወይን ማቀዝቀዣ ነው፤ 12 ወይም 13 ላይ ይቆማል፣ ሥራው ያው ነው። ሌላው አሮጌ ፍሪጅ ላይ ከውጭ ቴርሞስታት ማሰር ነው። 13 ሲደርስ መብራቱን ይቆርጣል፣ 14 ሲሆን ይመልሳል። የፍሪጅ ጥገና የሚያውቅ ልጅ ያስርላችኋል። ሙቀቱን የሚለካው ሽቦ ከእባቡ ሣጥን አጠገብ ይሁን፤ በሩ ላይ አይደለም።

ማንኛውም ፍሪጅ አየር አያስገባም። በየሁለት ቀኑ በሩን ከፍታችሁ አራግቡት። ባዶ ቦታውን በሃይላንድ ሙሉት። መብራት ሲጠፋ የሚያድናችሁ ያ ውሃ ነው፤ በሩን ካልከፈታችሁት ለብዙ ሰዓት ይይዛል። ምግብ ያለበትን ፍሪጅ ለዚህ አትጠቀሙ። እባብ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ጀርም ሊይዝ ይችላል፤ ከነካችሁትም በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

በነገራችን ላይ የአዲስ አበባ ዳር ሰው በዚህ ታድሏል። በዕረፍቱ ጊዜ መብራት ቢጠፋ እኛ ዘንድ አይታወቅም። እንዲያውም ደረቁን አየር መጠቀም ይቻላል። ቀን ቀን 15 እና 16 የሚልባችሁ ክፍል ውስጥ ውሃ የሞላ እንስራ አቁሙ። ላቡ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ አያቶቻችን ውሃ ያቀዘቀዙበት ጥበብ ነው። እርጥበቱ ሣጥኑን እንዳይነካ ብቻ አራርቁት።

እንዴት ነው የማነቃው?

እንዳስገባችሁት፣ ቀስ ብላችሁ። የካቲት መባቻ ላይ ሣጥኖቹን ወደ ሳሎን አመጣለሁ፤ ማሞቂያ የለም። ሦስት አራት ቀን እንዲሁ ይቆያሉ። ከዚያ ማሞቂያውን በዝቅተኛው እከፍታለሁ፣ በሳምንት ውስጥ ወደ ሙሉው ይደርሳል። የመጀመሪያውን ቀን እወደዋለሁ። ሴቷ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትንቀሳቀስ ትቆይና ምላሷን ታወጣለች፤ ግን ዘገምተኛ ነው፣ እንደ ረሳችው ነገር። ከዚያ ቀጥታ ወደ ውሃው። አገጯን ውሃ ውስጥ ነክራ ስትጠጣ ጉሮሮዋ ሲመታ ይታያል።

ሙሉ ሙቀት ካገኘ ከአምስት ወይም ከሰባት ቀን በኋላ ይበላል። የመጀመሪያው ምግብ ትንሽ ይሁን፤ ከወትሮው ግማሽ የምታህል አይጥ። ትልቅ ከሰጣችሁት ይተፋዋል። ከቤት የተያዘች አይጥ ደግሞ በጭራሽ፤ የአይጥ መርዝ በልታ ሊሆን ይችላል፣ መርዙም ወደ እባቡ ይተላለፋል።

ከዚያ ቆዳውን ይቀይራል። ማራባት የምትፈልጉ ሴቷ ከዚህ ቆዳ በኋላ ነው ወንዱን የምትቀበለው። ካልከሳችና ሦስት ዓመት ከሞላት ማለቴ ነው። እንቁላሉ ከ10 እስከ 30 ሊደርስ ይችላል፤ በ28 ዲግሪ ሁለት ወር ያህል ይፈጃል። ጫጩቶቹን የሚወስድ ሰው ሳታገኙ አትጀምሩት። እኔ በስምንት ዓመት ያራባሁት አንዴ ብቻ ነው፤ 14 ጫጩት፣ 14 የሚያማትብ ዘመድ።

ከሜዳ የያዝኩትን እባብ ላቀዝቅዝ?

አይ። መጀመሪያ ነገር የዱር እንስሳ ነው፤ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ የሚባል ሕግ አለ። ፈቃዱን የሚያውቀው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን ነው። ከውጭ የመጣ ፓይተንም ቢሆን ሁሉም ዝርያው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት ሥር ስለሆነ ወረቀት ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ የያዛችሁትን ታውቁታላችሁ? ደጋችን የራሱ እፉኝት አለው፤ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኝ። በብርድ የፈዘዘ እፉኝት ይነክሳል።

የደጋው እባብ የራሱን ብርድ በራሱ ያውቃል። ጠዋት ድንጋይ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ካያችሁት መንገዳችሁን ቀይሩ።

ወንዱ ከነቃ ሦስት ሳምንት ሆነው። አይበላም። አበላሸሁት?

ክብደቱ ካልቀነሰና ሣጥኑን ሌሊቱን ሙሉ የሚዞር ከሆነ አላበላሻችሁትም። ሴት እየፈለገ ነው። የእኔው በየዓመቱ እስከ መጋቢት አጋማሽ አፉን አይከፍትም። የማቀርብለትን አይጥ አፍንጫዋን ነክቶ ያልፋታል። በየአሥር ቀኑ አንዴ ሞክሩ፣ እምቢ ካለ አንሱት። ሚዛኑን ግን አትተዉ።